ሲስተር በርጩማ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ይመስለኛል። በእኛ የቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሐኪሙ ሁሉም «ሲስተር በርጩማ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ታማሚ ማናገር ስትፈልግ አንድ እግሯ ያጠረ፣ የምትንገዳገድ በርጩማ ጎትታ አልጋው ጥግ ቁጭ ትላለች። ሠላሳ ሁለት አልጋ ይዘን! እኔ አለቃዋ ነኝ፤ ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። የዚያች በርጩማ ድምፅ በተሰማኝ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ለጨዋታ ነው እንዴ የመጣሽው ብዬ ስጮህባት ትስቃለች። ሳቋ ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። ዘጠኝ ልጆች በአንድ ጊዜ በሚያወሩበት ቤት ስምንተኛ ሆና ስላደገች፣ ወረፋዋ እስኪደርስ ማዳመጥ ለምዶባት ቀረ። «ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች።

ስለ ታማሚ አነጋገር ሥልጠና የተሰጠን ሰሞን እኔም ሞክሬ ነበር። አሠልጣኙ ታማሚው ያለውን መልሳችሁ በሉለት ብሎናል። አንዲት እናት ሆዴን አመመኝ ሲሉ ሆድዎን አመመዎት አልኳቸው። እንቅልፍም የለኝ ሲሉ እንቅልፍም የለዎት አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ ልጄ፣ ነርስ ነሽ ወይስ የገደል ማሚቶ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ሥልጠናውን እርም አልኩ።

ታዲያ አንድ ቀን አልጋ አሥራ አንድ ላይ አንድ አናጺ ተኙ። ስኳር በሽታ ሁለት የእግር ጣታቸውን አበላሽቶባቸዋል። ጣቶቹ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልተቆረጡ መመረዙ ወደ ላይ ወጥቶ ሊገድላቸው እንደሚችል ሐኪሙ ነገረን። ሰውዬው ግን አልፈርምም አሉ። ሐኪሙ አስረዳ፣ ልጃቸው አለቀሰች፣ እኔ ተቆጣሁ። ሁለት ጣት ብቻ እኮ ነው አባባ ብላቸው፣ ሞቼ እገኛለሁ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በነጋታው ጠዋት ትኩሳታቸው ጨመረ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

ሲስተር በርጩማ ያቺን ጉድ እየጎተተች መጣች። እኔ ጎናቸው ላለው ታማሚ ግሉኮስ እየቀየርኩ ነበር። ተቀመጠች፤ ስለ ፊርማው አንዲት ቃል አላነሳችም። እሷም ዝም፣ እሳቸውም ዝም፤ እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። በመጨረሻ የበርጩማዋን መንገዳገድ አናጺው መታገሥ አቃታቸው። ዘወር ብለው፣ ይቺን የሠራት ማነው፣ እጁን ይቁረጠው አሉ። ሳቀች፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ያኔ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ በጣም ያስፈራዎት የቱ ነው?»

ብርድ ልብሱን ገለጡት። ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ፣ ቅልጥማቸውን ዙሪያውን፣ ሰማያዊ መስመር አለ።

«አርባ ዓመት እንጨት ላይ ሳሰምር ኖሬአለሁ» አሉ። «መስመር የሚሰመረው ለመጋዝ ነው። በአፋቸው ሁለት ጣት ይሉኛል፣ እግሬ ላይ ግን እዚህ ጋ አስምረዋል። የቱን ልመን?»

ክው አልኩ። ያሰመርኩት እኔ ነኝ። የቁስሉ መቅላት የደረሰበትን ድንበር በእስክሪብቶ እናሰምራለን፤ በማግስቱ አልፎ ከሄደ እንድናውቅ ነው። ሃያ ዓመት ሳሰምር ለምን እንደሆነ ለአንድ ታማሚ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲስተር በርጩማ ሰማሽ ወይ ብላ አላሳጣችኝም፤ ተነሥታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ታማሚ አጠገብ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ይቅርታ አባባ፣ ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው፤ መቅላቱ ከትናንቱ መስመር አንድ ጣት ያህል አልፎ እንደሄደም አሳየኋቸው። በጣታቸው ለኩት። እስኪያስላቸውም ሳቁ። ልጃቸውም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ያንኑ እስክሪብቶ ከደረት ኪሴ ራሳቸው መዘው ፈረሙ።

አምስት ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። ሲነቁ መጀመሪያ ጉልበታቸውን ዳሰሱ፣ ቀጥለው ቁልቁል እስከ ፋሻው ድረስ። ልኩ ትክክል ነው ብለው ተመልሰው ተኙ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

በሁለት ወራቸው በምርኩዝ እየተራመዱ መጡ። ልጃቸው ሁለት አዲስ በርጩማ ተሸክማለች፤ አንዱ ለሲስተር በርጩማ፣ አንዱ ለእኔ። የእኔን ስገለብጠው እግሮቹ ላይ ዙሪያውን ሰማያዊ መስመር ተሰምሮባቸዋል፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ «አይቆረጥም» ተብሎ ተጽፏል። ኮሪደሩን በሳቅ አናጋሁት።

አሁን ሳላስረዳ አላሰምርም፤ ሳልቀመጥም አላስረዳም። ክፍላችን ውስጥ የሚጎተተው በርጩማ ሁለት ሆኗል። እኔን «ትልቋ በርጩማ» ይሉኛል፤ አልቆጣም።