እርድ የነካው ነጠላ

የልጄ ሚስት ዛሬ ጠዋት ከገበያ እርድ ገዝታ መጣች። እቤቴ እርድ እንደማይገባ ታውቃለች፤ እንግዳ ስለሚመጣ አልጫ ልሥራ ብላ በወረቀት ጠቅልላ ዘንቢሉ ሥር ሸጉጣ አስገባችው። ወረቀቱን ስትፈታው እዚህ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሸተተኝ። ዓይኔ ነው የደከመው እንጂ አፍንጫዬ ደኅና ነው። ተነሥቼ ጮኽኩባት። አሁን ሳስበው አፈርኩ፤ እሷ ምን አደረገች።

አንቺ ደግሞ በዚያው ሰዓት ብቅ አልሽና፣ እሑድ እረፍት ሰጡኝ፣ እዚህ ጂቡቲ በትንሽ ፍራንክ ምን ይበላል፣ ምንስ ይታያል አልሽኝ። እርዱም አንቺም በአንድ ቀን መጣችሁብኝ። በይ ተቀመጪ።

እኔም እንዳንቺ ሰው ቤት ነበርኩ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንድ የጉምሩክ ፈረንጅ ቤት፣ ሚስቱን መዳም እንላታለን፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ገበታ አቀርባለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ግሪኩ ነጋዴ ዘንድ ነበረች። እኔ ዘመድ የሚባል የለኝም፤ ከአገር ያመጣችኝ ሴት በገባን በዓመቱ በንዳድ ሞታለች። እሷ ግን ደጋ አገር እናት ነበረቻት፣ ጥጥ ፈትላ ልብስ የምትልክላት። እጮኛም ነበራት። ባቡር ላይ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲስቅ የሚያፍር ልጅ። ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ነው። "ሚዜዬ አንቺ ነሽ፣ አለቀ" ትለኝ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ይለቁናል። መጀመሪያ ባቡር ጣቢያ እንሄዳለን። ባቡሩ ሲገባ ማየት ክፍያ የለውም። የደጋ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይወርድና ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው "እዚህ ቅርብ እሳት አለ እንዴ?" ብሎ ይዞራል፤ እኛ ዓምናና ካቻምና እንዲሁ መሆናችንን ረስተን እንስቅበታለን። ከዚያ ወደብ። ፈረንጆቹ ከመርከብ ሳንቲም ይወረውራሉ፣ የአገሬው ልጆች ጠልቀው በጥርሳቸው ነክሰውት ይወጣሉ። ከዚያ በረዶ። ስባሪውን በርካሽ ይሸጡልናል፣ ጉንጫችን ሥር ወትፈን እስኪቀልጥ ድረስ አንነጋገርም። አመሻሽ ላይ ወታደሮቹ አደባባይ ወጥተው ሙዚቃ ይነፋሉ፤ መዳሞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ከዛፉ ሥር ቆመን ያንኑ ዜማ እንሰማለን። ደስ ይል ነበር። ዛሬ ምን ቢሰጡኝ እንደዚያ ደስ አይለኝም።

መብላት ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዛሬ ካርቲየ አንድ በሚባለው ሰፈር፣ ዓረቡ ዓሣ ጠባሽ ቤት። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቆ፣ በርበሬ ቀብቶ፣ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠብሰዋል። ጠርዙ ያረረ፣ መሐሉ ጭማቂ ያለው፣ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር። ከአንገቱ በላይ ያለውን ሥጋ ሁልጊዜ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። እሷ አትወደውም መስሎኝ።

ለምን ዓሣ ብቻ ትይኝ ይሆናል። እናንተ ዛሬ ምን ቸገራችሁ። ያኔ ሥጋ ማለት ማተብ ማለት ነው። እስላሞቹ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ዓሣ ግን ቢላዋ አያሻውም፣ ከውሃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል፤ በስመ አብም ቢስሚላህም ያለበት የለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ሱማሌው፣ ዓፋሩ፣ ዓረቡ፣ እኛም፣ ሁላችን አንድ ላይ እንበላለን። እስላም ያረደውን በላች የተባለችን ግን የእኛ የክርስቲያኖቹ የቀብር ማኅበር ይተዋታል። ማኅበሩ ተወሽ ማለት ደግሞ ስትሞቺ የሚቀብርሽ የለም ማለት ነው። አንዲት ውሃ ቀጂ ልጅ እንዲያ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያለ ፍታት፣ ያለ አንድ አልቃሽ፣ በጋሪ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞትን ሳይሆን ጋሪውን ነበር የምፈራው።

አንድ እሑድ ነፋስ ተነሣ። ባሕሩ ቀን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ፣ ጀልባዎቹ አልወጡም። እኔ የዚያን ቀን የመዳምን እንግዶች ከጠዋት ጀምሬ ሳስተናግድ ውዬ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ደግሞም ነጠላዬ የተቀዳደደ ስለነበር፣ ሙዚቃው ላይ እንዳምር ብላ ጓደኛዬ የራሷን አልብሳኛለች። እናቷ ፈትላ የላከችላት ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ፣ በዚህ ከተማ ሁለተኛ የለውም። ለሠርጓ ያስቀመጠችው ነበር። እሷ የእኔን ቡትቶ ለበሰች።

ዓረቡ ዘንድ ስንደርስ ዓሣ የለም። ያለው ሩዝ በበግ ሥጋ ነው፣ በእርድ የተሠራ፣ ቢጫ። ወደ ድስቱ ተጠጋሁ።

"ሻይ በቂጣ እንጠጣና እንሂድ" አለችኝ።

"ሩዙን ብቻ ነው የምበላው፣ ሥጋውን አልነካም" አልኳት።

"ተይ አንቺ።" ዓይኔን አየችና ተወችኝ። "እንግዲያው ቶሎ በይ። እኔ ማዶ ጥላው ሥር ነኝ።"

ወጣች። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ በላሁ። ሥጋውንም በላሁ። ልዋሽሽ? ጣፈጠኝ። ነጠላው ከትከሻዬ ሸርተት ብሎ ሳህኑ ውስጥ መግባቱን ያየሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ቦኖው ጋ ሄደን በሳሙና አሸነው። ሳሙናው ሲነካው ቢጫው ደም መሰለ። ባሸነው ቁጥር ባሰበት። ቃሉም ያው ነው እኮ፤ የቢላዋውም እርድ፣ የቅመሙም እርድ። ማልቀስ ስጀምር ጓደኛዬ ጨምቃ አጣጠፈችው። "በቃ፣ ሳጥኔ ውስጥ እከተዋለሁ። ጨለማ ውስጥ ማን ያየዋል?" አለችኝ።

አንድ ሰው ግን በበሩ ሲያልፍ አይቶ ኖሯል። ፊት አላየም፤ ያየው ነጠላና ጀርባ ነው። ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የእጮኛዋ አክስት ሁለት ሴቶች አስከትላ ግሪኩ ቤት መጣች። የማኅበሩ እናት እሷ ነበረች፣ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ የምትወስነው። "የሙሽራዋን ልብስ ልይ" አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ጥልፍ ሳግዛት። ሳጥኑን ራሷ ከፈተችው፣ ነጠላውን ዘረጋችው።

"ይህ ምንድን ነው?"

ጓደኛዬ መርፌዋን ጥልፉ ላይ ሰካች።

"አልጫ ይሆናል፣ እትዬ" አልኩ እኔ። ያን ቀን ያልኩት ያንን ብቻ ነው።

"ግሪክ ቤት ማን አልጫ ሠራ?" ወደ ጓደኛዬ ዞረች። "ነጠላው የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"የነፋሱ ዕለት ማን ለበሰው?"

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልጠቀሰችኝም። ጠበቀችኝ። አፌን እስክከፍት ጊዜ ሰጠችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ጋሪው ነበር የሚታየኝ። ምድጃው ላይ የነበረው ውሃ ፈልቶ ገነፈለ፣ የሚያነሣው ጠፋ።

"እኔው ነኝ" አለች።

አክስትየው ነጠላውን መሬት ላይ ጣለችው። "ማተብሽን በሩዝ ሸጥሽው?" አለቻት።

ሠርጉ ቀረ። በሳምንቱ ወደ እናቷ ስትመለስ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነኝ። እጮኛዋ የዚያን ቀን ሌላ ባቡር ላይ ተመደበ፣ ወይም ተመደብኩ አለ። ምን ልበላት ብዬ ስጨነቅ ባቡሩ ጮኸ። ከጥቅልሏ ውስጥ ነጠላውን አውጥታ በመስኮት ሰጠችኝ። "እናቴ እንዲህ ሆኖ እንዳታየው" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ሰድባኝ በሄደች ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬዋንም አልሰማሁም።

ነጠላውን የመዳም ቤት ጣራ ላይ አሰጣሁት፤ ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። በአራተኛው ቀን ላነሣው ስወጣ እድፉ የለም። ፈለግሁት። ገለበጥኩት። ነጭ ነው። እርድ ሳሙና አይነካውም፣ ፀሐይ ግን ይበላዋል፤ አላወቅንም። ጠዋት ማታ የምንረግመው የጂቡቲ ፀሐይ በአራት ቀን የሚያነጻውን እኛ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ቆልፈን አስቀመጥንላቸው። ጣራው ላይ ተቀምጬ እንደ ለቀስተኛ ደረቴን መታሁ። ማን ሊሰማኝ።

ዓመት ቆይቶ ያ የባቡር ልጅ እኔን አገባ። የመረጠችኝ አክስትየው ናት፤ "ማተቧን የጠበቀች ጨዋ ልጅ" ብላ። እሺ ያልኩት ቸግሮኝ አይደለም፣ እወደው ነበር። ቀድሞም እወደው ነበር። ዝም ያልሽው ለዚያ ነው እንዳትይኝ። ለቀብሬ ፈርቼ ነው፣ ለራሴም የምነግረው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ቀን ግን እኔም ራሴን አላምንም። እሱ እስኪሞት ድረስ አልነገርኩትም።

በይ አሁን ሂጂ፣ እሑድሽ እንዳያልፍብሽ። የዓረቡ የልጅ ልጅ ዛሬም እዚያው ይጠብሳል፤ ከአንገቱ በላይ ያለውን ስጠኝ በዪው፣ የሚጥመው እሱ ነው።

ወደ ማታ ስትመለሺ ደግሞ ለልጄ ሚስት አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ እኔ ዛሬ ጮኼባታለሁና ፊቷን ማየት አፍሬያለሁ። ስሞት ማኅበሩ ይቀብረኛል፣ በእሱ አልሰጋም። ሳጥኔ ውስጥ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላ ታገኛለች፣ ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ መከፈኛዋ ነው ብላ ታስብ ይሆናል። በእሱ እንዳትከፍነኝ። የእኔ አይደለም።