«ግባ» ስትለው

የዳቦ ቤቱ ሹፌሮች አንጋፋ ባልደረባቸውን «እንቁላሉ» ይሉታል። አዲስ ሹፌር በመጣ ቁጥር «ከነዳጅ መስጫው ስር እንቁላል አለ ብለህ እርገጥ» ማለት አይሰለቸውም። ማርሽ የሚቀይረው ሞተሩ ሳይጮህ ነው፤ ቀይ መብራት ከሩቅ ካየ እግሩን ቀደም ብሎ ያነሳል። ሌሎቹ ሁለት ቀን በሚሰሩበት ነዳጅ እሱ ሦስት ቀን ዳቦ ያከፋፍል ነበር። ሲያደንቁት «ኧረ ተዉኝ» ይል ነበር እንጂ ደስታውን መደበቅ አይችልበትም።

አንገቱ ግን ድሮ ከደረሰበት ጉዳት ወዲህ ወደ ኋላ አይዞርም። ከዳቦ ቤቱ ወጥቶ ዋናውን መንገድ ሲቀላቀል፣ ስፖኪዮው የማያሳየውን የምታይለት ሚስቱ ነበረች። ከጎኑ ተቀምጣ ዳቦ የምታስረክበውም እሷ ነበረች። ክፍተት ስታይ «ግባ» ትለዋለች። ያኔ የእንቁላሉ ነገር ይቀራል፤ ረገጥ አድርጎ ፍጥነቱን ከሌሎቹ መኪኖች ጋር ያስተካክልና ሳይቆም ይገባል። «ነዳጅ የሚበላው ቆሞ መነሳት ነው» ይል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሞተች። ከዚያ ወዲህ መግቢያው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኋላው ጡሩምባው ይቀልጣል፤ እሱ መንገዱ ጭር እስኪል አይነቃነቅም።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ምን ነካት?» አለው የስምሪት ኃላፊው። «ነዳጅ ትጠጣለች እኮ። እንዲህ ከቀጠለች ለሌላ ሹፌር መስጠቴ ነው።»

መካኒኩ ፈታትቶ አያት፤ መኪናዋ ደህና ናት። ታማሚው ሌላ እንደሆነ ማን ይንገረው?

ይህን የሰማችው፣ መንዳትም እሱ ያስተማራት ልጁ፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ በማግስቱ ጠዋት በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። መግቢያው ላይ ሲደርሱ ዞር ብላ አየች።

«ግባ፣ አባዬ» አለችው።

ጀማሪ እንኳ የሚገባበት ሰፊ ክፍተት ነበር። እሱ ግን ፍሬን ረገጠ። የዳቦ ሳጥኖቹ ከኋላ ተንገጫገጩ፤ ሞተሩም ጠፋ።

«ምነው? አየሁልህ እኮ።»

«አንቺ አልተሳሳትሽም፣ የኔ ልጅ።» መሪውን እንደያዘ ቀረ። «ሆስፒታል፣ የመጨረሻዋ ቀን፣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንቅልፍ ወስዷታል ብዬ። ዓይኗን ሳትገልጥ ‹ግባ› አለችኝ። በሕልሟ እዚህ መንገድ ላይ ናት ብዬ ሳቄ መጣ። ትንሽ ትረፍ ብዬ በሩን ገርበብ አደረግኩና ውጭ ተቀመጥኩ። ስገባ አልፋለች።» መሪውን ለቀቀና «ለካ እኔን ኖሯል የምትጠራው» አለ።

አልቅሶ የማያውቀው ሰውዬ አለቀሰ። መንገዱ ጭር አለ። ልጅቷ ግን «ግባ» አላለችውም። ወርዳ በእሱ በኩል ያለውን በር ከፈተችለት። እሱም ቁልፉን ሰጣት፣ በመኪናዋ ፊት ዞረና ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ገባ።