«እንግሊዟ» ሊቀመንበር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማለዳ የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ጎረቤቶቼ ማን ሞተ ብለው ይደነግጣሉ፤ እኔን ግን ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ንዴት ይቀድመኛል። ባደግሁበት፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ጡሩምባ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለቀበሌ ስብሰባም ይነፋ ነበር፤ እናቴን ሊቀመንበር አድርጎ የመረጣትም፣ መልሶ ያወረዳትም በዚሁ ድምፅ የተጠራ ሰው ነው።

የተመረጠችው በጥር፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ ሰው ፋታ ባገኘበት ሰሞን ነበር። የፊተኛው ሊቀመንበር በጉቦ ተነሥቶ፣ ወንዶቹ እርስ በርስ መስማማት ሲያቅታቸው «እስኪ ለጊዜው ሴት ትያዘው» ተባለና እጅ ወጣላት። አባቴ ደስ ብሎት፣ በማኅበር ቤት ተቀምጦ፣ በሬዲዮ የሰማውን የአንዲት የእንግሊዝ አገር ሴት ፖለቲከኛ ወሬ አወራ፤ ወንዶቹ ምክር ቤት ውስጥ እየጮኹባት፣ እሷም ቆማ እየመለሰችላቸው አገር ትመራለች አለ። ብዙ ከብት የነበረው ጎረቤታችን አያ ሙላት ጠላውን አስቀምጦ «እንግዲያው እኛም የራሳችንን እንግሊዝ አገኘን» አለና፣ ከዚያ ወዲያ የእናቴ ስም «እንግሊዟ» ሆኖ ቀረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ስቃ፣ ያቺ ሴትዮ ስብሰባ ስትውል ላሟን ማን እንደሚያልብላት አባቴን ጠየቀችው። አባቴም ሬዲዮው እሱን አልተናገረም አላት።

ወደ መጀመሪያው ስብሰባ አብሬያት ሄጄ ነበር። ዋርካው ሥር ስንደርስ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ብድግ ብለው «ኖር» ሲሉ፣ ለእሷ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ከኋላችን ለሚመጣው ለአባቴ ኖሯል። አባቴ አፍሮ «በእግዜር» ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ እናቴም ወንበር የሚያቀብላት ሳታገኝ እንደቆመች ስብሰባውን ከፈተች።

በበጋው የመንደሩን ምንጭ ሥራ ያዘች። ሰውም ከብትም ከዚያው ይጠጣ ስለነበር፣ ከብቱ እየገባ ያደፈርሰውና ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናት በተቅማጥ ይሞቱ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜንም የቀበርነው በዚሁ ነው። እናቴ ወረዳው ሲሚንቶ እስኪሰጣት ቡሬ እየተመላለሰች፣ ከሴቶቹ ጋር ድንጋይ ተሸክማ፣ ምንጩን አስገንብታ አሳጠረችው፤ ለከብቱም ዝቅ ብሎ ገንዳ አሠራች። አያ ሙላት ግን አባቶቻችን ከብት ያጠጡበትን ውሃ ሴት ከለከለችን እያለ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ከብቶቹ ትንሽ ወረድ ብለው መጠጣት ነበረባቸው፤ በደል ተብሎ አገር የታመሰበት ይኸው ነው!

ክረምቱ ገባ፤ በነሐሴ የለመድነው የሕፃናት ለቅሶ በዚያ ዓመት ከየትኛውም ቤት አልተሰማም። ይህን ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። ሰው አፍ የገባው እናቴ ጭቃውን እያቋረጠች ከስብሰባ ማምሸቷ ነበር።

በመስከረም ከወረዳ አንድ ሰው ለግምገማ መጣ። አያ ሙላት ተነሥቶ፣ ቤቷን መምራት ያቃታት ሴት ቀበሌ ልትመራ አትችልም አለ። ሰውየው ስለ ምንጩ ሳይጠይቅ፣ መዝገብ ሳያይ፣ ከሕዝቡ መካከል አባቴን አስነሣው።

«እውነቱን ይንገሩን፣ ራትዎ በሰዓቱ ይደርሳል?»

አባቴ ዋሽቶ የማያውቅ፣ ገበያ ላይ እንኳ የበሬውን ጉድለት ለገዢው አስቀድሞ የሚናገር ሰው ነበር፤ የንስሐ አባቱም እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጥቂት አሰበና «አንዳንድ ቀን ይዘገያል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያበቃ እጅ ወጣ፤ እናቴ ወርዳ አያ ሙላት ተተካ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ የፊተኛውን ሊቀመንበር በጉቦ ሲያወርዱት እንኳ ሚስቱን ስለ ቤቱ የጠየቃት አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። መንገዱን አጋምሰን አባቴን ዞራ ሳታየው ተናገረችው።

«ስለ ራቱ ጠየቁህ፣ መለስህ። ስለ ምንጩ ለመናገር ግን ማን እስኪጠይቅህ ጠበቅህ?»

እናቴ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ረግጣ አታውቅም። በሚቀጥለው በጋ አጥሩ ፈርሶ ከብቱ ምንጩ ውስጥ ገባ፤ በነሐሴም የሕፃናቱ ለቅሶ ተመለሰ።

ዛሬ እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነኝ። አለቆቻችን የሴቶችን ተሳትፎ ሳያነሡ ንግግር አይከፍቱም፤ አንቱ ብለው ነው የሚያናግሩኝ። በቅርቡ ለኃላፊነት ከታጨነው አንዷ እኔ ነበርኩ። አብሮኝ የታጨውን ባልደረባዬን፣ ትንንሽ ልጆች ያሉትን አባት፣ ስለ ሥራው ብቻ ጠይቀው ሸኙት። እኔን ግን በትሕትና፣ ሥራው መስክ ስለሚበዛው «ባለቤትዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። እሱን ያልጠየቃችሁትን እኔንም አትጠይቁኝ አልኳቸው። እነሱም ፈገግ ብለው፣ ለማንኛውም ደውለን እናነጋግራቸዋለን አሉ።

እስካሁን አልደወሉም። ባለቤቴ ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ልጠይቀው እያልኩ ውዬ አድራለሁ፤ አፌ ግን አልታዘዝ ብሎኛል። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አይመኝልኝም። አባቴም ደግ ሰው ነበር።