እጄን ነጠላዬ ውስጥ የደበቅሁበት ዜና

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው አምስት ነን፤ እኔ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችን የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ጨርቅ የምትነግደው ሙስሊም ጎረቤቴ፣ እና ምሳውን በልቶ ወንበር ላይ የሚያንጎላጀው ባለቤቴ። የግንቦት መጨረሻ ነው። የከተማችን የነፋስ መውጫ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ራዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ሁላችንም ወደ እሱ ተጠግተናል።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ቀን ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ተዘግቶ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ ነበር። ሌላውን ትምህርት እያነበበች ደረሰችበት፤ እንግሊዝኛው ግን ወደ ኋላ ቀረባት። በፈተናው ደግሞ ሒሳቡም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ከእሷ በፊት ተፈትነው ያልተሳካላቸው ሁለት ጓደኞቿ ፓስፖርት አውጥተው ዓረብ አገር ሄደዋል። እሷም አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ “እማ፣ ካላለፍኩ እኔም እሄዳለሁ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ቀነሰ።

ጭንቀቴን ለመምህርቷ ነገርኳት። መጀመሪያ “እርስዎ” እያልኩ ነበር የማናግራት፤ “እትዬ፣ ልጅዎን በጥቂት ዓመት ነው የምበልጣት፣ አንቺ ይበሉኝ” ብላ አስተወችኝ።

“የስድስት ሰዓቱን የአማርኛ ዜና ይሰማሉ አይደል?” አለችኝ።

“መቼ ይቀርብኛል።”

እውነቴን ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ስለሆነ አንዴ ወደ አርብ ገበያ ከተማ፣ አንዴ ወደ መካነ ኢየሱስ ለሥራ ይሄዳል። መንገዱ ደኅና ነው ወይ፣ ጎርፍ አለ ወይ፣ በሽታ ገብቷል ወይ እያልኩ ዜና ሳልሰማ ውዬ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም የሰማሁትን አልረሳም።

“እንግዲያው ሰባት ሰዓት ላይ ያንኑ ዜና በእንግሊዝኛ ያነቡታል” አለች። “ወሬውን ቀድማ ካወቀችው ቃሉን ትይዘዋለች። እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ ቃሉን እጽፍላታለሁ።”

እንዲህ ተጀመረ። ልጄም መምህርቷም የጠዋት ፈረቃ ስለሆኑ ለምሳ ሲመጡ እኔ ዜናውን በጣቶቼ ይዤ እጠብቃለሁ። አውራ ጣቴ ስብሰባው፣ ቀጥሎ ያለው ዝናቡ፣ የመሐሉ የስንዴው ምርት፣ ከዚያ የውጭ አገሩ፣ ትንሿ ጣቴ ሯጮቹ። እንግሊዝኛው ሲጀመር ጣቴን እያነሳሁ አሳያታለሁ። እሷ ትጽፋለች።

እኔም ሳላስበው ጆሮዬ ተከፈተ። የሚገርመኝ ነገር በዛ። ዝናብ “ሬይን” መሆኑን፣ ስንዴ “ዊት” መሆኑን ያዝኩ። ከዚያ ደግሞ ፈረንጅኛው መሐል የማውቃቸው ቃላት ብቅ ይሉ ጀመር፤ ሪፖርት፣ ፕሮጀክት፣ ኢንቨስትመንት። በየቀበሌው ስብሰባ ስንለው የኖርነው ነው።

“ይሄማ የኛ ቃል አይደለም እንዴ?” ብዬ ጠየቅሁ።

መምህርቷ ሳቀች። “እትዬ፣ ይኸን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ሲናገሩ ነው የኖሩት።”

“ሳታውቂው ፈረንጅ ሆነሽ እኛን በአማርኛ ታደክሚናለሽ” አለች ጎረቤቴ።

ያልወደድኩት አንድ ነገር ነበር። ልጄ የያዘቻቸውን ቃላት በወረቀት እየጻፈች ከአልጋዋ በላይ ትለጥፋለች። ትርጉማቸውን ስታነብልኝ ጦርነት፣ ሞት፣ ተፈናቃይ የሚሉት በዙ። እነዚያን አንድ በአንድ አነሳኋቸው። መምህርቷ “ፈተና ላይ ይመጣሉ እኮ” ብትለኝ፣ “ይምጡ፤ ደብተሯ ላይ ይኑሩ፣ የምትተኛበት ላይ ግን አይሁኑ” አልኳት።

በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር አለፈ። ልጄ አንድ ዜና አያመልጣትም፤ እኔም ልቤ አረፈ። አንድ ቀን መምህርቷ እኔ ያልሰማሁትን የእንግሊዝኛ ዜና በስልኳ ከፍታ አሰማቻት። ልጄ አንድ ቃል አልጻፈችም። ደግማ ከፈተችላት፤ አሁንም ወረቀቷ ባዶ ነው። ዓይኗ ግን እኔን ይፈልጋል።

ማታውን መምህርቷ እንጨት የምፈልጥበት ድረስ መጣች። “እትዬ፣ ልጅቷ የምትሰማው ራዲዮኑን አይደለም፣ እርስዎን ነው” አለችኝ።

ከፋኝ። ረዳሁ ያልኩት እሷኑ ማሰነፍ ሆኖ ተገኘ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እዚያ ደግሞ ጣቴን ይዤ አልገባላት። ተስማማን። ከነገ ጀምሮ የአማርኛውን ለራሴ እሰማለሁ፣ አልነግራትም። እንግሊዝኛውን ብቻዋን ትሰማለች።

አምስታችን የተሰበሰብንበት ቀን ማግስቱ ነው። ዜናው ሲጀመር አውራ ጣቴ በራሱ ተነሳ። ልጄም ወዲያው እጄን አየች።

“እትዬ፣ እጅዎን ነጠላዎ ውስጥ ያስገቡ” አለች መምህርቷ።

“እሰሯት ብትሉ ይሻላል” አለች ጎረቤቴ። ባለቤቴ ዓይኑን ሳይገልጥ ሳቀ።

እጄን ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዜና ስለ ትምህርት መጻሕፍት መሆኑን አውቃለሁ። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ይዛ አንገቷን አዘንብላ ቀርታለች። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ አንድ ነገር ጫረች። ዜናው ሲያልቅ መምህርቷ ራዲዮኑን አጠፋችና “ምን አሉ?” አለቻት።

ልጄ ቀስ ብላ ጀመረች። የመጀመሪያው ስለ መጻሕፍት ነው፤ ቁጥሩን አልያዝኩትም አለች። ሁለተኛው አምልጧታል። ስለ መንገድ ሥራው ተናገረች፤ ትክክል ነው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ “አንድ ትልቅ ዓሣ ባሕር ዳርቻ ላይ ወጥቶ ቀርቷል። ሰዎች እንዳይሞት ውሃ እያፈሰሱበት ነው” አለች።

“አልተባለም” አልኩ። አማርኛው ላይ ዓሣ የሚባል ነገር የለም። ፈጥራ የተናገረች መስሎኝ ደነገጥኩ።

“ተብሏል” አለች መምህርቷ። “የአማርኛው ላይ አላነበቡት ይሆናል። ልክ ናት።”

“ዓሣ እንዴት ከባሕር ወጥቶ ይቀራል?” አልኩ።

ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰችው ጎረቤቴ ናት የመለሰችልኝ። “ባሕሩ ራሱ ይሸሻል፣ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። ሲሸሽ ዳር ላይ ያለውን ትቶት ይሄዳል።”

“ታዲያ ተረፈ?” ብዬ ወደ ልጄ ዞርኩ።

“ባሕሩ እስኪመለስ እየጠበቁ ነው አሉ፣ እማ።”

ልጄ እኔ የማላውቀውን ወሬ ስትነግረኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽ ፈራሁም። እስከዚያ ቀን የሚደርሳትን ሁሉ እኔ ቀድሜ እየሰማሁ፣ እያጣራሁ ነበር የማቀብላት። ከእንግዲህ ቀድሜያት የማልደርስበት ቦታ እንዳለ ገባኝ። በማግስቱም የእንግሊዝኛውን ሰዓት ጠብቄ “ስለ ዓሣው ምን አሉ?” ብዬ ጠየቅኋት። “ዛሬ አላነሱትም” አለችኝ። አላመንኳትም፤ ግን ከማመን በቀር ምን ማድረጊያ አለኝ።

እስከ ፈተናው ድረስ ብቻዋን ሰማች። አንዳንድ ቀን ሁለት ዜና፣ አንዳንድ ቀን አራት ትይዛለች። ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ መምህርቷ ዝውውር ደርሷት ወደ እስቴ በኩል ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ከዚያ ስልኳ አይሠራም ይል ጀመር። የእስቴ ከተማ እስከሆነችው መካነ ኢየሱስ ድረስ ሰው ልከን ብናስጠይቅ፣ ከዚያም ተዛውራለች፣ ወዴት እንደሆነ አናውቅም አሉን።

ውጤቱ የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ልጄ አልፋለች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። መምህርቷ ይህን አልሰማችም። ነፋስ መውጫ ከኛ ጓሮ ተከራይታ የነበረችውን፣ ቀጠን ያለችውን፣ ስትስቅ አፏን በደብተር የምትሸፍነውን የእንግሊዝኛ መምህርት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ የት እንዳለችና ደኅና መሆኗን እባካችሁ ንገሩን።