«መጣሁ» ያልኩ ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መሻሬን አወራና እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። ዛሬ የምናገረው ጸጸት አንገብግቦኝ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለቤቴ አርፏል፣ ልጆቼ የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርገኝም።

በደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው ጉለሌ፣ እንጦጦ ሥር ነበር። ባለቤቴ ለዘመቻ ወደ ሰሜን ሲሄድ ልጆቹንና እትዬ ደብሪቱን ጥሎብኝ ሄደ። እትዬ ደብሪቱ እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት እንደ እናት ሆነው ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። በር ላይ ቆሞ «አክስቴን አደራ» አለኝ። ልጆቹን አደራ አላለኝም። ይቺ ነገር ያኔ ከነከነችኝ፤ እውነቱን ካወራን ዛሬም ትከነክነኛለች።

እትዬ ደብሪቱ ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮማ ምን ያስለፈልፈኛል? ግን ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ እጃቸውን ይዤ ካልመራኋቸው ከደጅ አይወጡም። ልጆቹን ስቆጣ መሃል ይገባሉ። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ እሳቸውን ማጠብ፣ እሳቸውን ማብላት ይጠብቀኛል። ታከተኝ። በቃ፣ ታከተኝ።

ኋላ ቄራ አካባቢ ከምትኖር ሴት ጋር የቀበሌ ቤት ለመለዋወጥ ተስማማን። ለምሠራበት ፋብሪካ ይቀርበኛል፤ ቤቱ ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው። ዕቃ ማሰናዳት እችልበታለሁ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በልጆቹ ልብስ ጠቀለልኩ። አልጋውን ፈታትቼ ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። እጀታው የተሰበረ መጥበሻ እንኳ አልተውኩም። እትዬ ደብሪቱም ልብሳቸውን በነጠላ ቋጥረው ከማለዳ ጀምሮ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የጭነት መኪናው ጋቢና የተያዘው ለሳቸው ነበር። እኔና ልጆቹ ከዕቃው ጋር ከኋላ ልንሳፈር ነው። ሁሉም ተጭኖ ሲያልቅ የቁምሳጥኑ መስታወት ቀረ። ሾፌሩ «ይሄ ከኋላ ከሆነ አለቀለት፤ ጋቢና ሰው ይያዘው» አለ። እኔ ያዝኩት። ገባሁና ጭኔ ላይ አቆምኩት።

እትዬ ደብሪቱ ድምፅ ወደሰሙበት ዞረው «እኔስ የት ልሁን?» አሉ።

«እርስዎ እዚሁ ይቆዩኝ፣ እትዬ። ይህን ላድርስና መጣሁ» አልኳቸው።

መጣሁ። ገና ሳንሄድ መጣሁ እንላለን፤ ሁላችንም እንለዋለን፣ ማንም ውሸታም አይለንም። እኔ ግን ስለው እንደማልመጣ አውቅ ነበር። ረሳሁ አልልም። መስታወት ያልረሳሁ ሰው እረሳለሁ?

እስኪመሽ እዚያው ተቀምጠው ዋሉ አሉ። ቤቱን የተረከበችው ሴት ግቡ ብትላቸው «ትመጣለች፤ መጣሁ ብላኛለች» ብለው እምቢ አሏት። በመጨረሻ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዘይነባ እጃቸውን ይዛ ቤቷ አስገባቻቸው። ሰው ላከችብኝ። «ቤቱን ላስተካክል» አልኩ። ደግማ ላከች። ያንኑ አልኩ።

ባለቤቴ በዓመቱ እያነከሰ ተመለሰ። ገና ሳይቀመጥ «አክስቴስ?» አለ። «ጉለሌን አልለቅም ብለው እምቢ አሉኝ» አልኩት። ወዲያው ይዞኝ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እውነቱን ከሰማ ትዳሬ አበቃለት፤ ከነልጆቼ የት እገባለሁ?

እትዬ ደብሪቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አቅፏቸው አለቀሰና «ለምን አብረሻቸው አልሄድሽም?» አላቸው። ዘይነባ ከሱቋ ውስጥ አፍጥጣ አየችኝ። እትዬ ደብሪቱ ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት።

«እሷማ ለምናኝ ነበር። ጉለሌን አልለቅም ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ባለቤቴ ዘይነባን ሊያመሰግን ወደ ውስጥ ሲገባ እትዬ ደብሪቱ እጄን ፈልገው ያዙ። «መጣሁ ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው መጣሽ» አሉኝ። ምሕረት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አብረውን እንዲሄዱ ለመናቸው፣ እምቢ አሉ። ውሸቴን እውነት አደረጉልኝ። የሞቱትም እዚያው፣ ዘይነባ እጅ ላይ ነው።

አሁን ይቅርታ ልለምን? ማንን? እሳቸው ሳልጠይቃቸው ሰጥተውኛል፤ እሱንም መሸከም አቅቶኛል። እናንተ ደግሞ ያን ቀን ደጅ የተቀመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም። ከፈለጋችሁ ፍረዱብኝ። ብቻ ደክሟት ነው፣ ቤቱ ጠቧት ነው፣ ዘመኑ ነው አትበሉልኝ። ዘመኑ የራሱ በደል ሞልቶታል፤ ይሄኛው የኔ ነው።

መስታወቱ አሁንም አለ፣ አልተሰበረም። ሱቅ ደርሼ ልመለስ ስወጣ እንኳ «መጣሁ» ስለማልል የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። እኔ «ሄድኩ» ነው የምለው።