የጥቅምት ብርድ የቀመሰ ኦርኪድ

የወንድሜ ሚስት ዘይነባ፣ ለውጡ በመጣበት ዓመት፣ በዒድ ቀን፣ በዘመድ ሁሉ ፊት «አንቺ እጅ የገባ ኦርኪድ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣም» አለችኝ። ቤቱ ሳቀ። ያልሳቀችው ሲምቢዲየም የተባለውን ባለ መዓዛ ኦርኪድ የሰጠችኝ አክስቴ ብቻ ነበረች። ጆሮዬን ሳብ አድርጋ «ልጄ፣ ቤት አስገብተሽ አሞላቀቅሽው። የጥቅምትን ብርድ ሳይቀምስ አያብብም» አለችኝ። እሷ በየጥቅምቱ የራሷን የአበባ ጣሳዎች ጓሮ ታወጣና ማለዳ ማለዳ «እንዴት አደራችሁ?» ትላቸው ነበር። ዘይነባ አበባው ሲደርስ እንጂ ብርዱ ላይ መጥታ አታውቅም።

እኔ ብርዱ ይገድለዋል ብዬ አልሰማኋትም። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ ጊዜው ጥቅምት ነበር። ከመሸሻችን በፊት አክስቴ የኔን ጣሳ በገዛ እጇ ደጅ አወጣችው። በታኅሣሥ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ዕቃው ተወስዷል፤ ኦርኪዱ ግን ሁለት የአበባ ዘንግ አውጥቷል። አክስቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አልሐምዱሊላህ! እኛ ስንሸሽ እሱ ቤት ጠበቀ» አለች።

በየካቲት መዓዛው ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው።

ዘንድሮ አክስቴ ወደ አኼራ ሄደች። ጓሮዋ ውስጥ አበቦቹን እንዴት አደራችሁ የሚል የለም። ከለቅሶው በኋላ ዘይነባ ለማስታወሻ ኦርኪዴን ከሥሩ ከፍዬ እንድሰጣት ለመነችኝ። ሰጠኋት። የብርዱን ነገር አልነገርኳትም።