ቆርኪ የሌላቸው ሦስት ጠርሙሶች

የያዙኝ መገናኛ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ደረጃ እንደወረድኩ። ሁለቱም ሲቪል ለብሰዋል። አንደኛው በስሜ ጠርቶ «ደህና ዋልክ?» አለኝ። ሌላኛው ቦርሳዬን እንደ ዘመድ ከትከሻዬ ላይ ተቀበለኝ። የታክሲ ረዳቶች «መሪ! መሪ! አያት!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ዞር ብሎ ያየን ሰው አልነበረም። መኪናው በቀበና አልፎ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር መስኮቱን እንድዘጋ ታዘዝኩ። ከመዝጋቴ በፊት የባሕር ዛፍ ጭስ ሸተተኝ፤ ወደ እንጦጦ ግርጌ እየሄድን እንደሆነ በዚያ አወቅኩ።

የገባንበት ቤት ፖሊስ ጣቢያ አልነበረም። አንድ ሀብታም አሠርቶ የተወው የሚመስል፣ አጥሩ ከፍ ያለ ቪላ ነው። ምልክት የለውም፣ ባንዲራ የለውም። የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል ማስቀመጫ ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ የተነቀለ መደርደሪያ አሻራ ቀርቷል። በትንሿ መስኮት የዛፎቹ ጫፍ ይታያል። ክረምት ስለነበር ጉሙ ቀኑን ሙሉ ከላያቸው አይነሳም።

ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የእንጦጦ ገበሬ ናቸው፤ በመሬት ጉዳይ ነው የመጡት። አባባ አልኳቸው። ሲስቁ በኦሮምኛ፣ ሲቆጡ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት።

ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰማያዊ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለገባኝ እጄን ሰደድኩ።

«ተው፤ ባለቤት አለው» አሉኝ።

«የት ሄዶ ነው?»

«ላይ ጠሩት። ለስላሳ ጋበዙት።»

«ለስላሳ?»

«አንድ ብርጭቆ። ልደቱ መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ፊታቸው ግን ቀልድ አልነበረበትም። «ሲመለስ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፤ ምላሱ ተፈትቷል። የእናቱን ስም፣ የጓደኞቹን ስም፣ የጎረቤቱን ስም ሲጠራ አደረ። በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ነበር። ሲነጋ ወሰዱት። ጃኬትህን አንሣ ያለው የለም።»

ጃኬቱን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አንተስ በምን መጣህ?»

«በቢራ።»

«ሰክረህ?»

«አይ፣ አባባ። አወዳድሬ።»

ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ እዚያው ኮረብታ ግርጌ ስላለ አንድ ቦታ ዘገባ ጽፌ ነበር፤ ማስረጃውን የሰጠኝ ሰው አለ። ሰው ስል ወንድ ማለቴም አይደለም፣ ሴት ማለቴም አይደለም፤ ያኔ ያልተናገርኩትን ዛሬም አልጽፈውም። የተገናኘነው ከመገናኛ ጀርባ ባለች አንዲት ግሮሰሪ ነው። ባለቤቷ ከውጭ የሚመጡ ቢራዎች ታስቀምጣለች። ለቅዳሜ ገጻችን የጀርመን፣ የቼክና የአሜሪካ ፒልስነር የተባለውን የቢራ ዓይነት አወዳድሬ ልጽፍ ከአዘጋጁ ጋር ተስማምቼ ስለነበር ሦስቱንም አስከፈትኩ። ያ ሰውና እኔ ሦስቱንም ቀመስን፤ የያዙኝ ሰዎች መኪናው ውስጥ ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አልዋሸሁም። የተነጋገርነው ስለ ቢራ ብቻ አለመሆኑን ግን መናገር አላስፈለገኝም። አንድ ሰው አይቶናል። አብሮኝ የነበረውን ግን አላወቀውም። እነሱ የሚፈልጉት ያንን ስም ነበር።

ይህን ሁሉ ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ስለ ቢራው ብቻ አወራኋቸው። እሳቸውም ስለ ጠላ አወሩኝ። በወጣትነታቸው በሰፈራቸው ሠርግ ሁሉ አሳላፊ እሳቸው ነበሩ።

«እንስራውን ከፍተህ ዝም ብለህ አትቀዳም» አሉኝ መዳፋቸውን እንደ ጭልፋ አጎድጉደው። «መጀመሪያ እዚህ ላይ ጠብ ታደርጋለህ፣ ሰው እያየህ ትጠጣለህ። ከዚያ ነው ለእንግዳ የምትቀዳው። ሳይቀምስ የሚሰጥህ ሰው እንግዳ አላደረገህም።»

ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። ወደ ላይ የወሰደኝ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ጎልማሳ ጠባቂ ነው። አባባ ጃኬቱን አዩና እኔን አዩኝ።

ላይኛው ክፍል ሳሎን ነው። በሰፊው መስኮት ከተማው እስከ መገናኛ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ መኪኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም። መርማሪው ሹራብ የለበሰ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጠርሙሶች በጋዜጣ ተጠቅልለው ቆመዋል። ጋዜጣው የእኛው ነው። የጠርሙሶቹ አፍ ክፍት ነው፤ ቆርኪዎቹ የሉም። ጠረጴዛውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። የሉም።

«ቁጭ በል። ቢራ ታውቃለህ አሉኝ።»

«በመጠኑ።»

«እኔ እንኳን ስኳር አለብኝ፣ አልጠጣም። ጽሑፍህን ግን በጉጉት ነው የምጠብቀው። መቼ ነው የሚወጣው?»

«እኔ ስወጣ።»

ሳቀ። ሳቁ ክፋት ያለበት አይመስልም ነበር።

«እንግዲህ እንዲህ እናድርግ» አለ። «ለቢራ ከነበር የተቀመጥከው፣ አብሮህ የነበረው አንድ ጠጪ ነው፤ ጠጪ ምን ያደርግልኛል? ስሙን አልጠይቅህም። ለቢራ ካልነበር ግን ዋሽተኸኛል። ያኔ ስሙን ትነግረኛለህ፤ ወደህ ባይሆንም ትነግረኛለህ። የትኛው የማን አገር እንደሆነ ለይልኝ።»

ሦስት ብርጭቆ ቀዳ። ቢራ ቀድቶ የማያውቅ ሰው አቀዳድ ነበር፤ ጠርሙሱን ዘቅዝቆ፣ አረፋውን እያገነፈለ።

የመጀመሪያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። የገለባ መልክ አለው፤ ጥርት ያለ፣ አረፋው ነጭ። አሸተትኩት። እርጥብ ሣር፣ ከሥሩ መራራ ቅጠል።

«ጀርመን» አልኩ። «የፈረንጁን ጌሾ የማይፈሩት እነሱ ናቸው። ስትውጠው ጉሮሮህን አድርቆ ነው የሚያልፈው።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያውም ይሳሳል። አረፋው እያየሁት ከሰመ። ሽታው በክረምት መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቅቅል በቆሎ ያስታውሳል።

«አሜሪካ። ትልልቆቹ ጠማቂዎቻቸው ከገብሱ ብቅል ጋር በቆሎ ወይም ሩዝ ይጨምራሉ። ለሙቀት ቀን ጥሩ ነው፤ ጠጥተኸው ትረሳዋለህ።»

«ሳትቀምስ?»

«እስካሁን አፍንጫ በቅቶኛል።»

መርማሪው በጋዜጣው እጥፋት ወደ ውስጥ እያየ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱንም አግኝቻቸዋለሁ ማለት ነው።

ሦስተኛውን አነሳሁ። የቼክ ፒልስነር ከሁለቱ ጠቆር ይላል፤ የወርቅ ቀለም አለው። አረፋው ወፍራም ነው፤ ብርጭቆው እስኪያልቅ ጠርዙን አይለቅም። ሲሸተት ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊት ነው፤ ምሬቱ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ለስልሶ። በእጄ የያዝኩት ወርቃማ ነው። አረፋ ግን የለውም። ከዳቦው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ አለ፤ ኪኒን ምላስ ላይ ሲሟሟ ያለው ዓይነት። ክፍት ሆኖ ስለቆየ ይሁን በሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።

«ሦስተኛውስ?»

«ሁለቱ ከታወቁ የቀረው ቼክ መሆን ነበረበት።»

«መሆን ነበረበት መልስ አይደለም። ቅመሰውና ንገረኝ።»

ጠባቂው ከኋላዬ ተጠጋ፤ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። አልቀምስም ብል ውሸታም ነኝ፤ ስሙን ይጠይቀኛል። ብቀምስ የዚያ ጃኬት ባለቤት ዕጣ ይደርሰኛል። ብርጭቆውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

«ተከፍቶ ነው የመጣው» አልኩ።

«እና?»

«በእኛ ከተማ ቢራ የሚከፈተው ጠጪው ፊት ነው። ተከፍቶ ከመጣ ደግሞ የቀዳው ሰው ይቀምሳል። እርስዎ ይቅመሱልኝ፣ እኔ እከተላለሁ።»

«ስኳር አለብኝ አልኩህ።»

«በመዳፍ ጠብታ ስኳር አይነሳም።»

ወደ ኋላዬ ዞሬ ጠባቂውን ጠየቅኩት፤ «ወንድሜ፣ አንተስ አትቀምስልኝም?»

ያ ግዙፍ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እኔ… ጾመኛ ነኝ» አለ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ፍልሰታም አልገባችም።

መርማሪው እኔን ካየኝ የበለጠ ጠባቂውን አየው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

«ቼኩን አልለየህም» አለኝ በመጨረሻ።

«ለይቻለሁ። ይህ ቼክ አይደለም። ቼክ ቢሆን አረፋው እስካሁን ብርጭቆው ላይ ቆሞ ያየን ነበር።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«እሱን ያቀረቡት እርስዎ ያውቃሉ።»

ብርጭቆውን አነሳና ቢራውን ወደ ጠርሙሱ መለሰው፤ አሁን በጣም ተጠንቅቆ ነው የቀዳው። አንዲት ጠብታ ጣቱ ላይ አረፈች። መሐረብ አውጥቶ ጠረገው፤ መሐረቡን አጥፎ ጠርሙሱ አጠገብ አኖረው። ወደ ኪሱ አልመለሰውም።

«ወደ ክፍሉ መልሰው» አለ። «እንቀጥላለን።»

ስገባ አባባ ቆመው ጠበቁኝ። እግሬን አዩ፤ ቀጥ ብሎ እንደሚራመድ አዩ። «ምን አልካቸው?» አላሉኝም። ጥግ ላይ ካለው ባልዲ በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ቀዱ። መዳፋቸውን አጎድጉደው ጠብ አደረጉበት፤ እያየኋቸው ጠጡ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ውኃው ባልዲ ባልዲ ይል ነበር። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥያቄዎች ነበሩ፣ ሌሎች አጠያየቆችም ነበሩ፤ እነሱን ሌላ ቦታ ጽፌያቸዋለሁ። ስሙ ከአፌ አልወጣም። ክስ ሳይመሠረትብኝ መገናኛ፣ ያነሱኝ ደረጃ ሥር አወረዱኝ። አባባ ከእኔ በኋላ መፈታታቸውን ከልጃቸው ሰምቻለሁ። ጃኬቱ የማን እንደነበር ብዙ ጠይቄአለሁ፤ መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም። ስወጣ ምስማሩ ላይ ነበር።

የቢራው ጽሑፍ ወጣ። ስለ ቼኩ የጻፍኩት አንቀጽ አጭር ነው፤ አዘጋጁ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ያ ሰው ደህና ነው። መሆኑን የማውቅበት መንገድ አለኝ፤ እሱንም አልጽፈውም።

አሁንም ወደዚያች ግሮሰሪ እሄዳለሁ። በቅርቡ አዲስ የተቀጠረች አስተናጋጅ ቢራዬን ባንኮኒው ጋ ከፍታ አመጣችልኝ። እንዳልጠብቅ ብላ ነው። ጠርሙሱን በትህትና መለስኩላት።

«ምን ሆነ ጋሼ? ሞቀ እንዴ?»

«ምንም አልሆነም። ሂሳቡን እኔ ላይ አድርጊው። ሌላ አምጪና እዚህ ክፈቺልኝ።»

አመጣች። ከፈተችው። ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ወድቆ ተሽከረከረ። እስኪቆም ጠብቄ ቀዳሁ።